ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ

ከፋለ ሲቆጣ የሚቀድመው አፉ አይደለም፤ የሚቀድመው ቁልፍ ነው። በመቐለ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጋራዡ ውስጥ የሠራ ረዳት ሁሉ ይህንን በገላው ያውቀዋል። ዐሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አምጣ ተብሎ ዐሥራ ዘጠኝ ያቀበለ እንደሆነ፣ ያው ዐሥራ ዘጠኝ ተመልሶ ትከሻው ላይ ያርፋል። ከፋለም ቢሆን ሙያውን የተማረው እንዲሁ ነው። ከደብረ ሲና በጭነት መኪና ረዳትነት ወጥቶ መቐለ ላይ ሲቀር፣ ያስጠጉት አሠሪው እጃቸው የከበደ ሰው ነበሩ። "ብረት ሳይመታ አይቀናም፣ ልጅም እንደዚያው" ይሉት ነበር። እሱም ቃሉን እንደ ወንጌል ያዘው።

ሚስቱ ለተንሳኤ የመቐለ ልጅ ነች፤ አማርኛውንም ትግርኛውንም ቀላቅላ ነው የምትገስጸው። "ኣንታ ሰብኣይ፣ ልጅ ላሜራ ነው እንዴ እንዲህ የምትቀጠቅጠው?" ትለዋለች።

"ላሜራማ ቢሆን እስካሁን ይቀና ነበር!" ይላታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የገዛ ልጁን እንዳይመታ ተገዝቶ የከረመው። እንዴት እንደሆነ ላውጋችሁ።

ከፋለ አንዲት ነጭ ፒካፕ ነበረችው። አሮጌ ናት፤ ግን ከዓይናለም ውሃ በበርሜል፣ ከገበያ እህል፣ ሲከፋም የጎረቤት ሬሳ ሳይቀር ጭናለች። ጦርነቱ ሲመጣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እንዳደረገው ፈታታት። ጎማዋን አንዱ ጎረቤት ቤት፣ ባትሪዋን ሌላው ቤት ደበቀ። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ ግን ለማንም አላመነም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ጓዳ ካለው የጤፍ በርሜል ሥር ቀበረው። ያለ ፖምፓ ሞተሩ አይነሳም፤ የማይነሳ መኪና ደግሞ ማን ይዘርፋል ብሎ ነው።

የታጠቁ ሰዎች መጡ። የማን ናቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ጠመንጃ ከደገነ ሰው መታወቂያ አይጠየቅም። "ፖምፓው የት አለ?" አሉት። "የለም፣ ተሽጧል" አላቸው። በሰደፍ ደረቱን አሉት። ዝም አለ። ደገሙት፤ አሁንም ዝም። ይሄን ጊዜ አንደኛው ዞር ዞር ብሎ ሞርሳውን አየ፤ ያን ከሥራ ጠረጴዛው ጋር የተበየደ፣ ብረት ነክሶ የሚይዝ ማሰሪያ። የከፋለን ቀኝ መዳፍ ሞርሳው አፍ ውስጥ ከትቶ ጠረቀመውና የራሱን የከፋለን መዶሻ አነሳ።

አንድ ጣት። "የት አለ?" ዝም። ሁለተኛ ጣት። ከፋለ እንደ በሬ አጓራ እንጂ ቃል አልወጣውም። ሦስተኛው ጣት ሲሰበር ግን ጥጉ ላይ ቆሞ የነበረው ልጁ ኤልሳዕ፣ ያኔ ገና አንድ ፍሬ ልጅ፣ "ጤፉ ውስጥ ነው! ጤፉ ውስጥ!" ብሎ ጮኸ።

ፖምፓውን አወጡ። ጎማ ፈልገው ገጠሙና ፒካፗን ጎትተው ሄዱ። ጤፉንም አልተዉትም፣ እግዜር ይይላቸው።

ጣቶቹ ተጣመው ዳኑ። ዛሬም ቀኝ እጁ ጭብጥ አይሆንም፤ ቁልፍ ቢይዝ ያመልጠዋል፣ ቡና ቢይዝ ይደፋዋል። ከፋለ ስለዚያ ቀን ለልጁ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ለልጁ ነው ያልኩት! ለሌላው ሰውማ ልቅሶ ቤትም ጠላ ቤትም ያወራዋል። "ሦስት ጣቴን ሰጥቼ አፌን በያዝኩበት፣ ይሄ የእኔ ጉድ አፉን ከፈተ። ጣቴ በከንቱ ቀረ" ይላል፤ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማ። ኤልሳዕ እንዲህ እየሰማ አደገ። ቁመቱ አባቱን በለጠ፣ ጺሙ ማጎንቆል ጀመረ፤ በግራ እጅ የሚመጣውን ጥፊ ግን ዐይኑን ሳይጨፍን መቀበሉን አልተወም። ያ ደግሞ አባቱን የባሰ ያንጨረጭረዋል። ሲመቱት የማያለቅስ ልጅ ምን ይደረጋል?

ሰላም ከወረደ በኋላ ፒካፗ ከኲሓ ወዲያ አንድ ቦይ ውስጥ ተደፍታ ተገኘች። በሮቿ በጥይት ወንፊት ሆነዋል። መስታወት የላት፣ ጎማ የላት፣ ፖምፓ የላት። ከፋለ አስጎትቶ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ጣላትና ሣር በቀለባት። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይረግጣታል፤ የሚረግጠው ማንን እንደሆነ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ለተንሳኤ የልጇን አልጋ ስታነሳ የታሰረ ሻንጣ አገኘች። ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ የታሸገ በሶ። ነገሩ ገባት። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ በደላላ እየተመራ በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ ማዶ ይጎርፋል፤ የኤልሳዕ ጓደኛ ትንሳኤም ሊሄድ መሆኑን መንደሩ ሰምቷል። አልጮኸችም። ሻንጣውን ወደነበረበት መልሳ ባሏ ዘንድ ሄደች።

"ወደይ፣ ልጄ ሊሄድ ነው" አለችው።

"ይሂድ! ማን ያዘው?" አለ ከፋለ። ሲል ግን ድምፁ ከዳው።

"ከፋለ፣ ያ በረሃ የበላውን አይመልስም። ልጄ ከቤቱ የሚሄደው ሥራ አጥቶ መሰለህ? አንተን ሸሽቶ ነው። ይህችን መኪና ከእሱ ጋር ሥራት። የአንተ እጅ አይይዝም፣ የእሱ ይይዛል። እሱ አያውቅም፣ አንተ ታውቃለህ።"

ልጁን ጠሩት። ኤልሳዕ ሰምቶ ሰምቶ፣ "እሺ፣ እሠራለሁ። ግን ዝቅ ትላለች" አለ።

"ምን?"

"ዝቅ። ሓወልቲ ሰፈር ካፌዎቹ በር ላይ እንደሚቆሙት መኪኖች። ጎማዋ ተሸፍኖ መሬት የምትስም ትሆናለች።"

"ፒካፕ የጭነት ነው አንተ እንከፍ! በቅሎ ጫና የምትሄደው እግሯ ተቆርጦ ነው?" ከፋለ ግራ እጁን ሲያነሳ ለተንሳኤ መሃል ገባች። ነጠላዋን አመሳቅላ፣ ዐይኗን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ "ይህች ሞተር በራሷ ጉልበት እስክትነሳ ድረስ እጅህ በልጄ ላይ ቢያርፍ፣ በቅዱስ ሚካኤል ገዝቼሃለሁ!" አለች።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከፋለ ብዙ ነገር አይፈራም፤ ሚካኤልን ግን ይፈራል። ለተንሳኤም ብልኅ ናት። ለዘላለም ብላ ብትገዝተው ሰባብሮት እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ለጊዜው ከሆነ ግን ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል፣ እስከዚያ ደግሞ እግዚአብሔር አንድ ነገር ያደርጋል ብላ ነው። ማታ ልጇን ለብቻው ይዛ ስትለምነው፣ "ሞተሩ እስኪነሳ እቆያለሁ ኣደይ። ያን ቀን ለአቦይ የሚገባውን ሰጥቼው እሄዳለሁ" አላት። የሚገባው ምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም ከመቆየቱ ሌላ አልሰማችም።

በሉ እንግዲህ እዩት፤ አባትና ልጅ አንዲት ሞተር ይጠብቃሉ፣ አንዱ ሊመታ፣ አንዱ ሊሄድ።

ሥራው ተጀመረ። ኤልሳዕ ይፈታል፣ ከፋለ ይሳደባል። የተበሳውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ በየዱ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞሉ። ከአንዱ በር ውስጥ የጥይት እርሳስ እየተንከባለለ ወጣ። ከፋለ አንስቶ አጥር ዘሎ እንዲሄድ ወረወረው። ልጁ ሲሳሳት ከፋለ ቁልፉን ያነሳል፣ ሚካኤል ትዝ ይለዋል፣ ዞሮ በርሜል ይመታል። ግቢው ውስጥ ሳይጨረማመት የቀረ በርሜል የለም። "ይህችን አስቀምጥልሃለሁ!" ይለዋል። "ሞተሩ ይነሳ ብቻ፤ ከነወለዷ ነው የምትቀበላት!"

"አስቀምጥልኝ" ይላል ኤልሳዕ ቀና ሳይል።

ከዚያ የባሌስትራው ነገር መጣ። ባሌስትራ ማለት ከኋላ ያለው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢው የብረት ቅጠል ነው። ኤልሳዕ ከኋላ ዝቅ ሊያደርጋት ፈልጓል፤ እንዴት እንደሆነ ግን አባቱን አልጠየቀም። በከፋለ ጋራዥ መጠየቅ የለም፤ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ጎኑ ላይ ነው የሚያርፈው። እናም ለሚካኤል ቀን ከፋለ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ልጁ የመበየጃውን እሳት ለኩሶ ባሌስትራውን አጋለ፣ ተለጠጠለት፣ በውሃ አቀዘቀዘው፣ መልሶ ገጠመው። ፒካፗ ቁጭ አለች። ውብ ሆነች! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ግን ለዚህ ነው፤ ቆዩና ታያላችሁ።

ከፋለ ተሳልሞ መጣ። ቂም ይዞ ጸሎት እንደማይሆን እያወቀ፣ እሱ ግን የጸለየው ሞተሩ ቶሎ እንዲነሳ ነበር። ፒካፗን ሲያያት ቆመ። ልቡ ደስ አለው፤ አዎ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለው። "እስቲ" አለና ኋላዋ ላይ እግሩን ጭኖ በክብደቱ ጫን ለቀቅ አደረጋት።

ጧ!

ባሌስትራው እንደ ጥይት ጮኾ ተሰበረ። ስብርባሪው የከፋለን ግንባር ልጦት አለፈ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው። ኤልሳዕ በደረቱ ተደፍቷል፤ ከፋለ ላዩ ላይ ተጋድሟል፣ በሁለት ክንዱ የልጁን ራስ ሸፍኖ፣ ደሙ በልጁ ማጅራት ላይ እየወረደ። ማንም አላዘዛቸውም። ያ ድምፅ ከመጣ በጦርነት ያለፈ ገላ የሚያደርገው እሱን ነው። ከፋለ ልጁን ከሕፃንነቱ ወዲህ እንዲህ አቅፎት አያውቅም።

ከዚያ ፒካፗ አንድ ጎኗን ዘምማ ታየችውና ጥይት አለመሆኑ ገባው። አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚቆጣ ታውቃላችሁ። ብድግ አለ። "ባሌስትራ በእሳት ታግላለህ? በእሳት?!" እጁ ተነሳ። ሚካኤል! ጥርሱን አፋጨ፣ በሩን በርግዶ ወጣ። ውጭ አንድ ባጃጅ መንገድ ዘግቶ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። ከፋለ ሾፌሩን በኮሌታው ይዞ አወጣውና በግራ እጁ አቀመሰው።

"ዋእ! ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምን አደረግኩህ?" አለ ምስኪኑ።

"ምንም!" አለና ደገመው። ሾፌሩም እጁ አላጠረም፤ በቡጢ ከንፈሩን ለሁለት ከፈለው። መንገደኛ ገላገላቸው። ከፋለ ግንባሩም ከንፈሩም እየደማ ሲመለስ ለተንሳኤ በጨው ውሃ እያጠበች ሽማግሌ ሆኖ ከባጃጅ ጋር መደባደቡን እስኪያንገሸግሸው ድረስ ነገረችው። በረደለት። ልጁ ጎማው ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ በአባቱ ደም ረጥቧል።

"ለምን አልጠየቅኸኝም?" አለው ከፋለ።

"መቼ ነው ጠይቄህ ሳትመታኝ የቀረኸው?"

ከፋለ የተሰበረውን ቅጠል አነሳና "እሳት ያየ ባሌስትራ መስታወት ነው" አለ፤ አለመሳደቡ ለራሱም እንግዳ ሆኖበት። "ቅጠሉ አይነካም። በባሌስትራውና ከላዩ በሚያልፈው የጎማ ዘንግ፣ በአክስሉ፣ መሃል ወፍራም ብረት ይገባል፣ ቡሎኑ ይረዝማል። ያኔ ዝቅ ትላለች፣ ትሸከማለችም። ና ላሳይህ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግ ነበር ቢባል ይቀላል፤ ግን ከፋለ በአንድ ባሌስትራ አይድንም። ቀን እያስተማረ፣ ማታ ጠላ ቤት "ጣቴ በከንቱ" ማለቱን አልተወም። ልጁም ሻንጣውን አልፈታም። ለተንሳኤ በየጠዋቱ አልጋው ሥር ታያለች፤ ሻንጣው ቁጭ ብሏል። ያገለገለ ፖምፓ ከአዲስ አበባ በሰው መጣ። ፒካፗም ነጭ ቀለም ተቀባች። የልጁ ጓደኛ ትንሳኤም ደወለ፤ ደላላው ሰው ሰብስቦ ጨርሷል፣ በዚህ ሳምንት ይነሳሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኤልሳዕ ናፍጣውን አስተካክሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ደጉድ ደጉድ ደጉድ። ግቢው ተንቀጠቀጠ። የከፋለ ዐይን እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አለው፤ ግዝቱ ተፈታ። ያስቀመጠው ሁሉ፣ በርሜሉ ላይ ያረፈው ሁሉ፣ ግራ ክንዱ ውስጥ ሲሞቅ ተሰማው።

ኤልሳዕ ሞተሩን ሳያጠፋ ከጋቢናው ወረደ። ወደ አባቱ አልመጣም። ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደና ቀኝ መዳፉን ሞርሳው አፍ ውስጥ ከተተ፤ በግራ እጁ እጀታውን አዞረ፣ አዞረ፣ ብረቱ ሥጋውን እስኪነክሰው ጠረቀመው። ከዚያ መዶሻውን አንስቶ ለአባቱ ዘረጋለት። ያው መዶሻ ነው።

"በል አቦይ። ሦስት ናቸው። ምታና ይብቃ።"

"አብደሃል እንዴ?"

"ጣቴ በከንቱ፣ ጣቴ በከንቱ ስትል ነው ያደግኩት። ያውልህ ጣት! ውሰድና ልሂድበት። ስትወስድ ግን አንድ ነገር ንገረኝ።" ሲመቱት የማያለቅሰው ልጅ አለቀሰ። "ሦስተኛው ሲሰበር ለምን አየኸኝ?"

ከፋለ መዶሻውን ይዞ ቆመ።

"ሁለቱ ሲሰበሩ መሬቱን ነበር የምታየው። ሦስተኛው ላይ ቀና አልክና አየኸኝ። ንገራቸው ያልከኝ መሰለኝ። እኔ ሕፃን ነበርኩ አቦይ፤ ንገራቸው ያልከኝ መሰለኝ!"

ሞተሩ ይደጉዳል። ከፋለ ያን ቀን አየው። ለዓመታት ሲያወራው እዚህች ቦታ ሲደርስ ዘሎ ነበር የሚያልፋት። ሦስተኛው ጣት፣ የአጥንቱ ድምፅ፣ ከዚያ ቀና ማለቱ። ጥጉ ላይ የቆመ ልጅ። ምን ነበር በዐይኑ ያለው? ዝም በል ነበር? አልነበረም። በእግዜር ፊት አልነበረም። በቃኝ፣ ልጄ አስጥለኝ ነበር ያለው። ልጁ አስጣለው፤ እሱ ግን ይኸው እስከዛሬ በአደባባይ ከሃዲ ሲለው ኖረ።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። የሞርሳውን እጀታ ሊያላላ በቀኝ እጁ ያዘው፤ ጠማማ ጣቶቹ አልጨበጥ አሉ፣ አዳለጠው።

በዚህ መሃል ለተንሳኤ የሞተሩን ድምፅ ሰማች። ሞተር ተነሳ ማለት ግዝቱ አበቃ ማለት ነው። ቅመም ትወቅጥበት የነበረውን ዘነዘና እንደያዘች ሮጣ ወጣች፤ የልጇ እጅ ሞርሳ ውስጥ፣ ባሏ እላዩ ላይ፣ መዶሻው እግራቸው ሥር። እሷን ማንም አልገዘታትም። ዘነዘናውን በከፋለ ትከሻ ላይ አወረደችው።

"እዋይ ወደይ! አንተ አረመኔ!" ደገመችው። ጀርባውን አለችው። ከፋለ አልዞረም፣ አልተከላከለም። በግራ እጁ እጀታውን ማዞሩን ቀጠለ።

"ተይው ኣደይ፣ ሊፈታኝ ነው! ሊፈታኝ ነው!" ጮኸ ልጁ።

ሞርሳው ተላቀቀ። ከፋለ የልጁን እጅ አወጣው፤ ብረቱ የነከሰው መዳፍ ላይ ጥርስ የመሰለ ቀይ ምልክት ታትሟል። በሁለት እጁ ይዞ እያሻሸው፣ ዘነዘናውን ገና አየር ላይ ለያዘችው ሚስቱ፣ "ምቺኝ፣ ምቺኝ ለተንሳኤ" አላት። "ይህ ልጅ አልተናገረም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ላይ በዐይኔ ለመንኩት። ጤፉን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፣ በልጄ አፍ።"

ለተንሳኤ ዘነዘናውን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና አንድ ጊዜ ጨመረችለት፤ ስላለፉት ዓመታት ሁሉ መሆኑ ነው። ከፋለም ዋጥ አደረጋት።

ጋቢናው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ትንሳኤ ነው። ሦስቱም ስልኩን አዩት። ጮኸ፣ ጮኸ። ኤልሳዕ የተነከሰ እጁን ከአባቱ እጅ ውስጥ ሳያወጣ፣ በግራው ስልኩን አንስቶ ለእናቱ ሰጣት።

"ንገሪው" አላት።

ለተንሳኤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ "ልጄ የትም አይሄድም" አለችው። አባትና ልጅ ወደ ፒካፗ ገቡ፤ ልጁ መሪው ላይ፣ አባቱ ጎን። ከበሩ ሲወጡ ዝቅ ያለው ሆዷ የደፉ ድንጋይ ላይ ካካካ ብሎ ተፋቀ። ከፋለ ትከሻው እየጠዘጠዘው አፉን ከፈተ፣ እጁንም አነሳ። ኤልሳዕ እንደልማዱ ዐይኑን ሳይጨፍን ጠበቀ። እጁ የማርሽ ዘንጉን በያዘው የልጁ እጅ ላይ አረፈና እዚያው ቆየ።